መጨረሻውን የያዘው ዲያቆን

ቴሌቪዥን ውስጥ የከረመ አቧራ ሲሞቅ ምን እንደሚሸት ታውቃለህ? አታውቅም። የናንተ ቴሌቪዥን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚኖር ነው፤ ሆድም ጀርባም የለውም። የኛ ዘመኑ ሆዳም ነበር። ሲከፈት ቀስ ብሎ ይሞቅና ካውያ የነካው ጨርቅ ዓይነት ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ባለፈው ሳምንት ኮተቤ መንገድ ዳር ዝናብ ያዘኝና አንድ ቴሌቪዥን ጠጋኝ በር ላይ ተጠለልኩ። ሰውዬው ጀርባው የተከፈተ አሮጌ ቴሌቪዥን ሰክቶ ይሞክራል። ያ ሽታ ሲመጣብኝ የበሩን መቃን ያዝኩ። "እትዬ፣ ይቀመጡ" ብሎ ዱካ ሰጠኝ። እርጅና ነው ብሎ ይሆናል፤ እኔም አልካድኩትም፣ ተቀመጥኩ።

ወደ ዲያቆኑ እናት ቤት እየሄድኩ ነበር። "ትምጣልኝ፤ ዓይኔ ሳይከደን የምጠይቃት አለኝ" ብለው በልጅ ልጃቸው ልከውብኛል። ዲያቆኑ የምልህ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ለትምህርት ብሎ ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም፤ መርዶውም አልመጣም። እናቱ እስከ ዛሬ አላለቀሱለትም። ያልተረዳሁትን እንዴት ላልቅስ ይላሉ። ሰው ሳያለቅስም ሳይጨብጥም ይኼን ሁሉ ዓመት ሲጠብቅ ማየት ከባድ ነው፣ ልጄ። ስለ እሱ ሊጠይቁኝ እንደሆነ አላጣሁትም፤ የምመልሰው ግን አልነበረኝም። ዝናቡም ባይመጣ አንድ ሰበብ ፈልጌ እዘገይ ነበር። እዚያ ዱካ ላይ ሆኜ ሽታውን ስስብ ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣ።

ከኛ ቤት ጋር አጥር የሚጋሩ አንድ የኮሌጅ መምህር ነበሩ። ውጭ አገር ተምረው ሲመለሱ ሰፈሩ በሙሉ ምን ይዘው መጡ ብሎ አንገቱን አሰገገ። እሳቸው ከሻንጣቸው ያወጡት ከደብተር የማይበልጥ ጥቁር ነገር ነው፤ ቁልፎቹ ላጲስ ይመስላሉ። "ኮምፒውተር ነው" አሉ። ባለቤታቸው ገልበጥ አድርገው አዩትና "ፍሪጅ አምጣ ብልህ የልጅ መጫወቻ ይዘህ መጣህ?" አሏቸው። ይኼ ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲነሣባቸው ኖሯል።

ማሽኑ ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል። ችግሩ የተጻፈውን ካሴት ላይ እንዲያስቀምጥ ከቴፕ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ሌላ ዓይነት ሆኖ መምጣቱ ነበር። ስለዚህ የጻፍንበትን ነገር የሚይዘው መብራት እስካለ ብቻ ነው። መብራት ከሄደ ሁሉንም ይረሳል፤ እንደገና ከአንድ መጀመር ነው። በዚያ ላይ የኛ ሰፈር መብራት ደመና ሲያይ የሚሄድ ነበር።

የምንጫወተው አንድ ጨዋታ ነው። የመምህሩ የሥራ ባልደረባ የሆነ ፈረንጅ ያዋሳቸው መጽሔት ላይ የታተመ ነበር፤ እየገለበጡ ማሽኑ ውስጥ መጻፍ ነው። መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ታሳርፋለህ። ጨዋታ ስልህ ደግሞ ሥዕልና ቀለም እንዳይመስልህ፣ ቁጥር ብቻ ነው። ከፍታህ ይኼን ያህል፣ ፍጥነትህ ይኼን ያህል፣ የቀረህ ነዳጅ ይኼን ያህል ይልሃል። አንተ ስንት እንደምታቃጥል ትነግረዋለህ። ከቸኮልክ ነዳጁ መንገድ ላይ ያልቅብሃል፤ ከዘገየህ ከጨረቃ ጋር ትላተማለህ። በቃ ይኸው ነው። ግን እመነኝ፣ መጋረጃው ተዘግቶ ያ ሰማያዊ ብርሃን ፊታችን ላይ ሲያርፍ፣ ቆርቆሮው ላይ ካፊያ ሲንጠባጠብ፣ ከላይ ከእንጦጦ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ የእውነት እየወረድን ይመስለን ነበር።

አራት ነበርን። አንዱ የመምህሩ ልጅ ነው፣ ባለ ማሽኑ። አንዷ የባለሱቁ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ከደቡብ መጥተው ማዕዘኑ ላይ ሱቅ የከፈቱ ሙስሊሞች ነበሩ። ምላሷ ምላጭ ነው። ሦስተኛው ዲያቆኑ፣ ከላይ ከአቀበቱ የቄስ ልጅ፤ ጠዋት ቀድሶ ከሰዓት ከኛ ጋር አልጀብራ የሚማር፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ የኔን ጠባይ ታውቀዋለህ።

የመምህሩ ልጅ ታዲያ ጌታ ሆነብን። ካኮረፈ በሩን ይዘጋብናል፣ ከተሸነፈ ማሽኑን ይነቅላል። መጽሔቱ ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ቀን ሲደርስ ጨዋታውን በወረቀት ገለበጥነው። ያን ጊዜ የባለሱቁ ልጅ ወረቀቱን አፈፍ አድርጋ ያዘችና "ማሽኑ ያንተ ነው፣ ቃሉ ግን የኛ ይሁን" አለችው። መስመሮቹን እንካፈል፣ እያንዳንዳችን ድርሻችንን በቃላችን እንያዝ፣ ወረቀቱ ይቀደድ አለች። አንዱ ከጎደለ ጨዋታው አይነሣም። በዚያ ዕድሜዋ እንዲህ ያለ ፖለቲካ ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የመምህሩ ልጅ እምቢ ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈ። ብቻውን ሲጫወት ግን የሚጮህለትም የሚቀናበትም ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን ተስማማ።

እንዴት እንደሚያዝ ያሳየን ዲያቆኑ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነዋ፤ ዳዊት የደገመ ሰው ይኼ ምን ይገደዋል። "ቁጭ ብለሽ አይያዝሽም፤ ተነሥተሽ ተንጎራደጂ፣ በድምፅሽም በይው" አለኝ። የባለሱቁ ልጅ ደግሞ ቁርአን ቤት ተምራ ስለነበር ወዝወዝ እያለች ከሁላችንም ቀድማ ያዘችው። እኔና የመምህሩ ልጅ፣ ሁለቱ ዘመናዊዎች፣ መከራችንን አየን። መምህሩ በመስኮት ሰምተው ሳቁብን። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ ይኼን አልሰማችሁም?" አሉ። ዲያቆኑ አንገቱን ደፍቶ "ጋሼ፣ ጽሑፍም ይቀደዳል እኮ" አላቸው። ወረቀቱ ያን ሰዓት ተቀዶ የባለሱቁ ልጅ እጅ ላይ ነበር።

የኔ መጀመሪያው ነው። መንኮራኩሩ ከየት እንደሚነሣ የሚናገሩት ሦስት መስመሮች። "አስር፣ ሌት ኤች፣ አንድ ሺህ ይሁን። ሃያ፣ ሌት ቪ፣ ሃምሳ ይሁን። ሠላሳ፣ ሌት ኤፍ፣ መቶ ሃያ ይሁን።" ኤች ከፍታ ነው፣ ቪ ፍጥነት፣ ኤፍ ነዳጅ። ከአርባ ጀምሮ ያለው የባለሱቁ ልጅ ነው። ከዚያ ሒሳብ ሒሳቡን የመምህሩ ልጅ ያዘ። መጨረሻው ለዲያቆኑ ደረሰው። "መቶ አስር፣ ኢፍ ኤች ከዜሮ ከበለጠ፣ ወደ አርባ ተመለስ። መቶ ሃያ፣ ኢፍ ቪ ከአምስት ካነሰ፣ ፕሪንት፣ ደህና ገባህ።" ትርጉሙ፣ ገና አየር ላይ ከሆንክ ተመልሰህ ቀጥል፤ መሬት ስትነካ ፍጥነትህ ትንሽ ከሆነ ተርፈሃል ማለት ነው። መጽሔቱ ላይ እንግሊዝኛ ነበር። ዲያቆኑ ለአፍ እንዲመች አማርኛ አደረገልን፤ እንደ ሌት፣ ኢፍና ፕሪንት ያሉት የማሽኑ ትእዛዞች ግን እንዳሉ ቀሩ፣ ደህና ገባህ የሚለውንም ፊደላችን ማሽኑ ላይ ስለሌለ በላቲን ጻፍነው።

አንድ ሌላ መስመር ነበረ፤ የተከሰከሰውን ሰው "አለቀልህ" የሚለው። እሱም ለዲያቆኑ ይደርሰው ነበር። "ሟርት በአፌ አልይዝም" አለ። የመምህሩ ልጅ ሳቀበትና "አምጣው ለኔ፣ እኔ ምን ቸገረኝ" ብሎ ወሰደው። እንዲህ ነው የተካፈልነው።

ከትምህርት ቤት መልስ አቀበቱን እስከ ዲያቆኑ ቤት እየወጣን እናጠናለን። ባሕር ዛፉ መሐል ያለው መንገድ በቅጠል ተሸፍኖ ስትረግጠው ይንኮሻኮሻል። እሱ ድርሻውን በዜማ ያደርገዋል፤ "ተመለስ" ላይ ሲደርስ ከፍ ያደርጋታል፣ "ደህና ገባህ" ላይ ዝቅ አድርጎ ይለቃታል። እናቱ ደጃፋቸው ላይ እንዝርት እያሾሩ ይሰማሉ። አንድ ቀን "ምንድን ነው የምታጠኑት?" አሉት። "ትምህርት ነው፣ እማ" አለ። ውሸቱን አልነበረም።

ጨዋታው ላይ ግን አልሆነለትም። ሁላችንም አንድም ሁለትም ጊዜ አሳርፈናል፤ እሱ አንድም ቀን አላሳረፈም። ነዳጅ ይሳሳል። "ለክፉ ቀን ይቀመጥ" እያለ ይቆጥብና ነዳጁን እንደያዘ ይከሰከሳል። የባለሱቁ ልጅ "ለአባትህ ልታወርሰው ነው?" ትለዋለች። ደህና ገባህ የሚለውን መስመር ለሁላችን የሚሰጠው እሱ ነው፤ ለራሱ ግን አንዴም ወጥቶለት አያውቅም። ይኼ እንደሚያንገበግበው እኔ አውቅ ነበር፤ እሱ አይናገርም እንጂ።

ከዚያ አባቱ ቅኔ ቤት ይግባ አሉ፣ ጎጃም። ቁርጥ ሆነ። መስቀል እንደወጣ መሄዱ ነው። በሚሄድበት ዋዜማ ከሰዓት ተሰበሰብን፤ ዛሬ ሳያሳርፍ አይሄድም ብለን። የመምህሩ ልጅ ቁልፉ ላይ ተቀመጠ፤ እኛ በየተራ ድርሻችንን አልን። እኔ አስር ብዬ ጀመርኩ። ዲያቆኑ የራሱን በዜማው አለ፤ ያን ቀን የሳቀበት የለም። ከዚያ የመምህሩ ልጅ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀለት። ወንበሩን በፈቃዱ ሲለቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዲያቆኑ እንደ ልማዱ ያዝ አደረገ። "ስጠው እንጂ!" ይላል የመምህሩ ልጅ። "ቆይ" ይላል እሱ። ከዚያ እንዴት እንደተገለጠለት እንጃ፣ መስጠት ጀመረ፤ ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ። ፍጥነቱ ቀነሰ። ከፍታ ሠላሳ፣ ፍጥነት ሰባት። ከፍታ አስራ ሁለት፣ ፍጥነት አራት። አንድ ቁጥር ቀርቶታል። ጣቱን ዘረጋ።

መብራት ሄደ።

የዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ሲጠፋ ወዲያው አይጨልምም። ብርሃኑ ሁሉ መሐል ላይ ይሰበሰብና ትንሽ ነጭ ነጥብ ትሆናለች፤ ነጥቧም ቀስ ብላ ትጠፋለች። አራታችንም እሷን እያየን ቁጭ አልን። ከጠፋች በኋላ ዲያቆኑ "አልወደቀም እኮ፤ መብራት ነው የሄደው" አለ። ተነሥቶ ጋቢውን አጣፋ። "ስመለስ እጨርሰዋለሁ።"

ጎጃም መድረሱን የነገረን የለም። ልጅ ከመንገድ ላይ እየታፈሰ ወደ ጦርነት የሚጫንበት ዘመን ነበር። አንድ ነጋዴ በጭነት መኪና ላይ ከምልምሎች ጋር ያየሁት መሰለኝ አለ፤ ደግመው ሲጠይቁት እንጃ አለ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። አባቱ በዚያው ሐዘን ሞቱ። መምህሩ ማሽኑን ሸፍነው ቁም ሳጥን ላይ ሰቀሉት። የመምህሩ ልጅ ያችን የዲያቆኑን ሁለት መስመር ራሱ መጻፍ ይችል ነበር፤ ምን አላት። አልጻፋትም። እኛም ጻፍ አላልነውም።

ዝናቡ ሲያባራ ጠጋኙን አመስግኜ አቀበቱን ወጣሁ። ባሕር ዛፉ ሳስቷል፤ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እንጦጦ ፓርክ ፎቶ ሊነሣ በዚያ በኩል ያልፋል። ቤቱ ግን ያው ነው። እናቱ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ደቀዋል፣ እጃቸው ቆዳ ብቻ ቀርቷል። ጉንጬን ዳብሰው አወቁኝ። ሻይ ልታፈላ የተነሣችውን የልጅ ልጃቸውን "ውጪ፣ በሩን ዝጊው" አሏት።

"ልጄ፣ አንቺ ከሱ ጋር ተምረሻል። ደጃፌ ላይ የሚያጠናውን ጸሎት እኔም በጆሮዬ ይዤው ቀርቻለሁ። ከሄደ ጀምሮ ማታ ማታ እለዋለሁ፤ የመንገደኛ ጸሎት ነው ብዬ ነው። አሁን አዲሱ የንስሐ አባቴ ሰሙኝና ይኼ ከየትኛውም መጽሐፍ የለም፣ የጠንቋይ ድግምት እንዳይሆንብሽ፣ ተዪው አሉኝ። ተውኩት።" ብርድ ልብሱን ወደ ደረታቸው ሳቡት። "ከተውኩት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልጄን መንገድ ላይ ጥዬው የገባሁ እየመሰለኝ። ንገሪኝ፣ ኃጢአት ነው?"

እኔ ገና አልገባኝም ነበር። "እስቲ ይበሉት፣ እማማ" አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። "መቶ አስር፣ ኢፍ ኤች ከዜሮ ከበለጠ፣ ወደ አርባ ተመለስ። መቶ ሃያ፣ ኢፍ ቪ ከአምስት ካነሰ፣ ፕሪንት፣ ደህና ገባህ።" በዜማው ነው ያሉት። "ተመለስ" ላይ ከፍ አደረጓት። "ደህና ገባህ" ላይ ዝቅ አድርገው ለቀቋት። አንዲት ቃል አልጎደለም።

እንባዬ መጣ፤ አልዋሽህም፣ አለቀስኩ። ኢፉንና ኤቹን የመላእክት ስም አድርገዋቸዋል። የማይታወቅ ስም የሚጠራበት ጸሎት እኮ ሞልቷል፤ ማን ይፈርድባቸዋል። ጨዋታ ነው፣ የልጅ ጨዋታ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ግን አሰብኩት። ቃሉ ምን ይላል? ገና አየር ላይ ያለ ይመለስ፤ መሬት ሲነካ ቀስ ብሎ ይንካ፤ ደህና ይግባ። ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም ሲሉለት የኖሩት።

"ድግምት አይደለም፣ እማማ" አልኳቸው። "ከሩቅ የሚመጣ መንገደኛ ሳይሰበር እንዲገባ የሚባል ነው። ለአራት ነው የያዝነው። ይኼ የሱ ድርሻ ነው፤ እሱ ነው አማርኛ ያደረገልን። ክፉ ቃል አለበት ብሎ አንዱን መስመር እንኳ አልይዝም ብሏል።"

ፊታቸው ተፈታ። "እሱማ ክፉ አይናገርም" አሉ። ከዚያ ቀና ለማለት ሞከሩ። "ለአራት ነው ያልሽው? እኔ የያዝኩት መጨረሻውን ብቻ ነው ለካ። መጀመሪያውስ?"

"መጀመሪያው የኔ ነው።"

"በይው እስቲ።"

አስር አልኩ፤ አንድ ሺህ ይሁን። ከስንት ዘመን በኋላ አልረሳሁትም። ሃያ፣ ሠላሳ። ከንፈራቸው ከኔ ጋር ይንቀሳቀሳል። ሠላሳ ላይ ዝም ስል "ከዚያስ?" አሉኝ። የመምህሩ ልጅ እንደሞተ፣ የባለሱቁ ልጅም አግብታ ወደ ወላጆቿ አገር ከወረደች እንደጠፋችብኝ ነገርኳቸው። "መካከሉ እነሱ ጋ ቀረ" አልኳቸው። "እንግዲህ መካከሉን እሱ ያውቀዋል" አሉ። ፈጣሪን ይሁን ልጃቸውን አልጠየቅሁም። መጨረሻውን ራሳቸው አሉና እጄን እንደያዙ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሳይነቁ እንዳልሄድ እዚያው ቁጭ አልኩ። ሲነቁ ያሉኝ "ነገም ነይ፤ መጀመሪያው ገና አልያዘኝም" ነው።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እሄዳለሁ። ዛሬ ሠላሳን እናጠናለን፤ ከሠላሳ ወዲያ እኔ የምሰጣቸው የለኝም። ይኼን ሁሉ የማወራህ ለዚህ ነው። የመምህሩ ልጅ የያዘው አብሮት መቃብር ገብቷል፤ እሱን ትተነዋል። የባለሱቁን ልጅ ግን አንተ በዚያ ከእጅህ በማይለየው ስልክህ ፈልግልኝ። ስሟንም የአባቷንም ስም እነግርሃለሁ። በል ጃንጥላዬን አቀብለኝ፤ ደመናው ከብዷል፣ ሴትዮዋም ይጠብቁኛል። ካገኘሃት ረጅም ወሬ አታብዛባት፤ ማን ነህ ትልሃለች፣ ትቆጣሃለችም። "አርባ" በላትና ዝም በል። ካልረሳችው እሷ ትቀጥለዋለች።